«ቆይ» የሚል የሌለበት ሴኔት

«ስታር ዋርስ»ን ብዙው ሰው የሚያየው ለብርሃን ሰይፉ ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን (ኢኮኖሚክስ ተምሬ ምን ላድርግ!) ሴኔቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ክፍል የሚጀምረው በንግድ መስመር ግብር ጭቅጭቅ እንደሆነ ልብ ብላችኋል? ናቡ የምትባለውን ፕላኔት በመርከብ የዘጋው የንግድ ፌዴሬሽን፣ ያው ነጋዴው፣ ሴኔቱ ውስጥ የራሱ ወንበር አለው። ንግሥቲቱ አቤት ስትል «መጀመሪያ ኮሚሽን ሄዶ ያጣራ» ብሎ የሚከራከረውም እሱ ነው። ተከሳሹ ከዳኞቹ ጋር ቁጭ!

ፊልሞቹ ላይ ከሴኔቱ ሌላ «ቆይ፣ እስቲ ደግመን እንየው» የሚል ሁለተኛ ምክር ቤት አናይም። የእንግሊዙ የጌቶች ምክር ቤት ሕዝብ ያልመረጠው ቢሆንም፣ አብዛኛውን ሕግ እስከ አንድ ዓመት ገደማ ማዘግየት ይችላል። የገንዘብ ሕግ ከሆነ ግን አንድ ወር ብቻ። ትንሽ ነገር ይመስላል አይደል? ፓልፓቲን ግን የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ያገኘው እዚያው በአንድ ስብሰባ ነው፤ ጃር ጃር ቢንክስ ሐሳቡን አቀረበ፣ አዳራሹ በጩኸት ደገፈ፣ አለቀ።

«ሁለተኛ ቤት ቢኖርም እሱንም ይገዛው ነበር» የሚል ጓደኛ አለኝ። ይሆናል። ግን ሁለት ቤት መግዛት ከአንድ ይወደዳል፤ ጊዜም ይፈጃል።

በ1977ቱ ፊልም ሴኔቱ መበተኑን የምንሰማው ከጦር አዛዦች ስብሰባ ነው። ሴናተሯ ልዕልት ሌያ በዚያን ሰዓት እስረኛ ናት።