የአያቶቻችን ፊት በማን እጅ ይቀመጥ?

ረመዳን ሊገባደድ ሲል ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች፣ አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ የቡ፣ ሰቃ ጨቆርሳ፣ የራቁ ልጆቻቸውን መጠበቅ ይጀምራሉ። የዒድ ዕለት አያት መሐል ይቀመጣሉ፤ የልጅ ልጆች ይከቧቸዋል፤ ሁሉም ስልኩን ያወጣል። ዓመት ሳይሞላ ግን ስልኩ ይሰበራል ወይም ይጠፋል፤ ፎቶውም አብሮት ይሄዳል። አባቶቻችን በፎቶ ቤት የተነሡት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ግን ዛሬም ከግድግዳችን አልወረደም። ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) ጅማን ያስተዳደሩትን የዳግማዊ አባ ጅፋርን መልክ የምናውቀውም በዘመናቸው ፎቶ ስለተነሡ ነው።

በዚህ ዘመን ብዙ ወጣቶች ወደ ፊልም ካሜራ መመለሳቸውን እናያለን። በተለይ የሚፈልጉት ሬንጅፋይንደር የሚባለውን ነው። የዚህ ካሜራ አሠራር ቀላል ነው። በመመልከቻው መሐል የሰውየው ምስል ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ሌንሱን ቀስ እያሉ ሲያዞሩት ሁለቱ ምስሎች ይቀራረቡና አንድ ይሆናሉ። ያን ጊዜ ርቀቱ ተለክቷል፣ ፎቶውም ይጠራል ማለት ነው። የጀርመኑ ላይካ በ1925 ለገበያ ቀረበ፤ ይህን የርቀት መለኪያ ከሌንሱ ጋር አጣምሮ የያዘው ሞዴል ደግሞ በ1932 ወጣ። ሶቪየቶችም በእሱ አምሳያ ፌድንና ዞርኪን ሠሩ። ኢትዮጵያውያን ለትምህርት ወደ ሞስኮና ወደ ኪየቭ በሚሄዱበት ዘመን ካሜራ በሻንጣቸው ይዘው የተመለሱ አልጠፉም። ዛሬም በአንዳንድ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ይገኛል።

በእነዚህ ካሜራዎች ውስጥ የሚንቀጠቀጥ መስተዋት ስለሌለ ድምፃቸው ዝቅተኛ ነው፤ የሚነሣውን ሰው አያስደነግጡም። ጁፒተር 8 የተባለው የሶቪየት ሌንስ ከአንድ ሜትር ቀርቦ ማንሣት አይችልም፤ ከሽማግሌ ፊት ለመቆም አንድ ሜትር ደግሞ ጨዋ ርቀት ነው። ሌንሱ ሲከፈት ብዙ ብርሃን ስለሚያስገባ በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር ቡና የሚለቅሙትን ለማንሣት ይመቻል። ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ሰው ሲነሣ ብርሃኑን ከልብሱ ሳይሆን ከፊቱ ላይ መለካት ይገባል፤ አለዚያ ልብሱ ያምርና ፊቱ ይጠቁራል። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ብቻ ስለሚይዝም አንሺው ከመጫኑ በፊት ያስባል።

ይህ ጥበብ ለሙስሊሞች ባዕድ አይደለም። በስሯ የተወለዱት ኢብን አል-ሀይሠም ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት «ኪታብ አል-መናዚር» በተባለው መጽሐፋቸው የምናየው ብርሃን ከነገሩ ወደ ዓይናችን ሲመጣ መሆኑን አስረድተዋል፤ በጨለማ ክፍል በጠባብ ቀዳዳ የሚገባውን ብርሃንም መርምረዋል። ካሜራ ማለት ያ ጨለማ ክፍል ነው። መዲናን በ1861፣ መካን ደግሞ በ1880 ፎቶ ያነሡትም ግብፃዊው የጦር መሐንዲስ ሙሐመድ ሳዲቅ ነበሩ።

«ፎቶ ሐራም አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ በመስጊዳችን ይቀርብልናል። ዑለማዎች በዚህ ላይ ተለያይተዋል። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሼኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ፎቶ ማንሣት አላህ የፈጠረውን ጥላ መያዝ እንጂ መፍጠርን መምሰል አይደለም በማለት ፈቅደዋል። ሌሎች ደግሞ ለሐጃ ካልሆነ በቀር አይገባም ብለዋል። በዚህ የተነሣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ሊጣላ አይገባም። «አልነሣም» ያሉ አያትን ማስገደድም፣ የተነሡትን መንቀፍም አደብ አይደለም።

ሁላችንም የምንስማማበት ግን ፈቃድ መጠየቅን ነው። ሱረቱን-ኑር ሳያስፈቅዱ ወደ ሰው ቤት መግባትን ይከለክላል፤ ሌንስም የሚገባ ዓይን ነው። ቡና ለቃሚዋ እናት እንግዳ መጥቶ ሳይጠይቃት ፊቷን ወስዶ ሲሄድ ዝም ብትልም ዝምታዋ ፈቃድ አይደለም። የራሳችን ልጆችም የእናታቸውን ፎቶ ሳያስፈቅዷት ለዓለም ሁሉ ሲለቁት ያው ነው። የተነሣ ፊት አማና ነው። ያነሣ ሰው ቢያንስ አንዱን አሳትሞ ለባለቤቱ መመለስ አለበት።

አማናውን የሚበላ ሌላ ጠላትም አለ፤ የአገራችን እርጥበት። ቡናችን እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ሳይወርድ ጎተራ ቢገባ እንደሚሻግት እናውቃለን። ሌንስም፣ ኔጋቲቭም፣ የታተመ ፎቶም እንዲሁ ይሻግታል። የድሮ ካሜራ ያለን ከቆዳ ማኅደሩ እናውጣው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን እርጥበት መጣጭ ትንንሽ ከረጢቶች አንጣላቸው፤ ከካሜራው ጋር በክዳን ዕቃ ውስጥ እናስቀምጣቸው። ኔጋቲቭን በጣት ሳይሆን በጠርዙ ይዘን በደረቅ ወረቀት እንጠቅልለው። ፎቶ ጭስ ከሚነካው ግድግዳ ይውረድ።

ለዘንድሮው ዒድ አንድ ሥራ እንያዝ። ከሶላት በኋላ ቤተሰብ ሲሰበሰብ የድሮዎቹን ፎቶዎች አውጥተን በአያቶቻችን ፊት እንዘርጋ። እያንዳንዱ ማን እንደሆነ፣ የት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተነሣ እንጠይቃቸውና በስተጀርባው በእርሳስ እንጻፍ። ስም የሌለው ፎቶ ከአንድ ትውልድ በኋላ የማንም አይደለም፤ ስሙን የሚያውቁት ደግሞ ዛሬ በመካከላችን የተቀመጡት ናቸው። ቀጥሎም ፈቃዳቸው ከሆነ በመስኮት ብርሃን አስቀምጠን እናንሣቸው፤ በስልክም ይሁን በዞርኪ፣ ግን እናሳትመው።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ታላላቆቻችንንም ያቆይልን።