ከጠመንጃው በፊት ነፋሱን

ሴት ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ባለፈው መስከረም ስኮትላንድ የምትኖረውን ታላቅ እህቴን ጠይቄ ስመለስ፣ ገና ሻንጣዬን ሳልከፍት የጠየቀችኝ ስለ ቸኮሌት አልነበረም። በስልክ ስናወራ የሰማችው ነገር ሲከነክናት ሰንብቶ ኖሮ፣ «አጋዘኑን ገደላችሁት?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። ፊቷን አዙራ ወደ ክፍሏ ገባች። የዚያን ዕለት እራትም አብራን አልበላችም።

እውነቱን ልንገርዎትና፣ ከመሄዴ በፊት እኔም ስለ አደን የማውቀው ከእሷ ብዙ የተሻለ አልነበረም። በአእምሮዬ ያለው ጠመንጃ፣ ጭስና ቀንድ ይዞ ፎቶ የሚነሳ ሰው ብቻ ነበር። የእህቴ ባል ስኮትላንዳዊ ነው፤ በየዓመቱ በዚህ ወቅት ወደ ተራራ ይወጣል። «አንድ ቀን አብረሽን ዋዪ፤ ከዚያ የፈለግሽውን ትያለሽ» ስላለኝ ሄድኩ። ለልጄ ቀስ በቀስ ያስረዳኋትን እነሆ ለእርስዎም አካፍላለሁ።

የትኛው አጋዘን?

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። እኛ «አጋዘን» የምንለው ቆላ ላይ ጠመዝማዛ ቀንድ ያለውን እንስሳ ነው። «የደጋ አጋዘን» የምንለው ደግሞ በድሮዋ አሥር ሳንቲም ላይ የተቀረጸውን፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘውን ኒያላ ነው። ሁለቱም ቀንዳቸው አንዴ ከበቀለ እስከ ሞት ድረስ አብሯቸው ይኖራል።

የአውሮፓው ግን ሌላ ቤተሰብ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ «ዋላ» በሚል ስም የምናውቀው ዓይነት ነው። ወንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተሰነጣጠቀ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል። ከሰሜን አፍሪካ በስተቀር በአህጉራችን በተፈጥሮ አይገኝም። በስኮትላንድ ተራሮች የሚታደነው ቀዩ ዋላ በብሪታንያ ምድር ላይ ካሉት የዱር አጥቢዎች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ወንዱ ከ90 እስከ 190 ኪሎ ይመዝናል።

ለምን ይታደናል?

ልጄን በጣም ያስቸገራት ይህ ጥያቄ ነበር። መልሱ ከተኩላ ይጀምራል። በስኮትላንድ ተኩላ ከጠፋ 300 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ዋላውን የሚበላ አውሬ ሲጠፋ ቁጥሩ በረከተ። የበረከተው መንጋ ደግሞ ገና የሚያቆጠቁጠውን ችግኝ ሁሉ ይግጣል። እህቴ ቤት አጠገብ ባለው ሸለቆ ያየኋቸው ጥዶች ሁሉም ሽማግሌ ናቸው፤ ከሥራቸው ልጅ ዛፍ የለም። አጥር የተከለለበት ቦታ ላይ ግን ጥዱ እንደ ልብ በቅሏል። አጥሩን ከውጭና ከውስጥ ያየ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ዋላውም ራሱ ይጎዳል። ክረምቱ ሲከፋ ሣር ያጣ መንጋ በረሃብና በብርድ ያልቃል።

በእርግጥ የአደኑ ታሪክ ንጹሕ የተፈጥሮ ጥበቃ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1852 ልዑል አልበርት የባልሞራልን ርስት ለንግሥት ቪክቶሪያ ከገዛ በኋላ፣ በተራራ ላይ አድፍጦ ማደን የባላባቶች ፋሽን ሆነ። ዛሬም ለአንድ ቀን አደን ዳጎስ ያለ ገንዘብ የሚከፍሉ እንግዶች አሉ። የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚሠሩት ግን ደመወዝ የሚከፈላቸው የተራራው ሰዎች ናቸው።

ጠመንጃውና ሕጉ

ብሪታንያ ውስጥ ጠመንጃ መያዝ የሚፈቅደው ፖሊስ ነው። አመልካቹ በቂ ምክንያት ማቅረብ፣ ጤንነቱን ማስመርመርና ቤቱ ውስጥ የሚቆለፍ የብረት ካዝና ማሰናዳት አለበት። ፈቃዱ በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል። የእህቴ ባል ካዝና ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ እህቴ እንኳ አታውቅም፤ ሕጉ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ፈቃድ የሌለው እንግዳ 17 ዓመት ከሞላው የርስቱን ጠመንጃ በርስቱ ሰው ቁጥጥር ሥር ሊጠቀም ይችላል።

ለዋላ የሚያገለግለው በእጅ የሚቀባበል፣ አንድ በአንድ የሚተኮስ ጠመንጃ ነው። በየሱቁ የሚያዩዋቸው መጠኖች ነጥብ 243፣ 6.5 በ55፣ ነጥብ 270 እና ነጥብ 308 ናቸው። የመጨረሻው እኛ 7.62 የምንለው ስፋት ያለው ነው። የስኮትላንድ ሕግ ለቀዩ ዋላ ደካማ ጥይት አይፈቅድም፤ ጥይቱ ከአፈሙዝ ሲወጣ ፍጥነቱ በሴኮንድ ቢያንስ 2,450 ጫማ፣ ማለትም 747 ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ምክንያቱ እንስሳው ቆስሎ እንዳይሰቃይ ነው። ከእርሳስ የተሠራ ጥይት ሥጋንና አካባቢን ስለሚመርዝ ብዙ አዳኞች ወደ መዳብ እየዞሩ ነው።

በጠመንጃው ላይ ማነጣጠሪያ መነጽር ይገጠማል። አፈሙዙ ላይ ድምፅ መቀነሻ ይታሰራል፤ ይህም እንደ ፊልሙ ለሚስጥር ሳይሆን ለተኳሹ ጆሮና መንጋው እንዳይደነግጥ ነው። በተጨማሪም መሬት ላይ የሚቆም ባለ ሁለት እግር መደገፊያ አለ።

ምን ይለበሳል? ምን ይያዛል?

እኔ ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ሰው የማያስፈልገውን ዕቃ እንዴት እንደሚገዛ በደንብ አውቃለሁ። የአደን ዕቃ ሱቁ ውስጥ ስገባ ሁሉም ነገር የሚያስፈልግ መሰለኝ። የአደን መሪያችን፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ዝምተኛ ሰው፣ የሱቁን ቦርሳዬን አይተው ፈገግ አሉና የእሳቸውን ቅደም ተከተል ነገሩኝ።

መጀመሪያ ጫማ። ቁርጭምጭሚትን የሚይዝ፣ ውኃ የማያስገባና እግር የለመደው መሆን አለበት። ቀጥሎ አቅርቦ ማያ መነጽር፣ ማለትም ባይኖኩላር። «በቀን ውስጥ በመነጽሩ ስድስት ሰዓት ታያለህ፤ በጠመንጃው አንድ ሴኮንድ» አሉት ለእህቴ ባል፤ ገንዘቡን የት ማውጣት እንዳለበት ሲመክሩት። ጠመንጃው ሦስተኛ ነው የመጣው።

ልብሱ ሱፍ ነው። ሱፍ ሲረጥብም ያሞቃል፣ ሲራመዱበትም አይንኮሻኮሽም። ብዙ ርስቶች የየራሳቸው የሱፍ ጨርቅ ጥለት አላቸው፤ ቀለሙም የየተራራቸውን ሣርና ድንጋይ የሚመስል ነው። ከላይ ዝናብ መከላከያ፣ ኪስ ውስጥ ቢላዋ፣ ገመድ፣ ካርታና ምግብ ይያዛል። በበጋቸው ወራት ደግሞ ዓይን የማይሞላ ተናካሽ ትንኝ ስላለ የፊት መረብ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ለማንም ቤተሰብ ይጠቅማል። በዚያ ሣር ውስጥ መዥገር አለ፤ አንዳንዱ «ላይም» የተባለ በሽታ ያስተላልፋል። ልጆችዎን ይዘው አውሮፓ ገጠር ከወጡ፣ ማታ ገላቸውን ሲያጥቡ ብብትና የጉልበታቸውን እጥፋት ይፈትሹ። ካገኙም በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዘው ቀጥ አድርገው ይንቀሉት።

ያ ቀን

ወደ ተራራው ከመውጣታችን በፊት የእህቴ ባል በዋላ ቅርጽ በተሠራ የብረት ዒላማ ላይ ሦስት ጥይት ተኮሰ። ሦስቱም ከፊት እግሩ ኋላ፣ ልብና ሳንባው ባለበት፣ በመዳፍ የሚሸፈን ቦታ ላይ አረፉ። መሪያችን ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደዚያ ባያርፉ ኖሮ ቀኑ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ጠመንጃውን ረሱት። ጭብጥ ሣር ነቅለው ወደ ላይ በተኑና የሄደበትን አዩ። ዋላ የሰው ሽታ ከሩቅ ይለያል፤ ነፋሱ ከእርስዎ ወደ እሱ ከነፈሰ ውድ መነጽርም ሆነ ጠመንጃ አያዋጣም። መንጋውን ከሁለት ኪሎ ሜትር ላይ አየነው። በቀጥታ ብንሄድ ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ነበር። ነፋሱ ስላልፈቀደ ግን ተራራውን ዞረን ሁለት ሰዓት ተኩል ሄድን። የመጨረሻውን መንገድ በጅረት ውስጥ በደረታችን ተሳብን። ውኃው በአንገቴ ገብቶ በእግሬ ወጣ።

140 ሜትር ላይ ቆምን። መሪያችን የመረጡት እኔ ስመለከተው የነበረውን ባለ ግርማ ወንድ አልነበረም። ጎኑ የገባ፣ ቀንዱ የተጣመመ አንድ ሽማግሌ ነበር። «ያኛው ለሚቀጥለው ትውልድ ያስፈልጋል፤ ይህኛው ክረምቱን አይጨርስም» አሉኝ በሹክሹክታ።

ሽማግሌው ተኝቶ ነበር። አርባ ደቂቃ ጠበቅነው። ሲነሳ የእህቴ ባል ቃታው ላይ ጣቱን አደረገ፤ የመሪያችን እጅ ግን ወዲያው ትከሻው ላይ አረፈ። እንስቷ ከኋላው ቆማለች። ጥይት አንዱን አልፎ ሌላውን ሊመታ ይችላል። ጣቱን አወጣ። ብርድ ያንቀጠቅጠኛል፤ ያም ሆኖ በውስጤ «እሰይ፣ ይሂድ» እያልኩ ነበር። ትንሽ ቆይቶ እንስቷ ፈቀቅ አለች።

ድምፁ ከጠበቅኩት ያነሰ ነበር። ሽማግሌው ሠላሳ ሜትር ያህል ሮጦ ወደቀ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም እጅ አልተጨባበጠም። መሪያችን ባርኔጣቸውን አውልቀው ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ ቢላዋቸውን አወጡ። እኔ ዞር ብዬ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ እስካሁን በቅጡ አላውቅም፤ ግን ከሱቅ ዶሮ ስገዛ አንድም ቀን አልቅሼ እንደማላውቅ ያሰብኩት ያኔ ነው።

«ማን ባረከው?»

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ከአደኑ ይረዝማል። ሆድ ዕቃው እዚያው ተራራ ላይ ይወጣል፤ የሠለጠነ ሰው የበሽታ ምልክት መኖሩን ያያል። ከዚያም በትናንሽ ተሽከርካሪዎች፣ በአንዳንድ ርስቶች እንደ ጥንቱ በፈረስ፣ ወደ ታች ይወርዳል። ለገበያ የሚቀርብ ሥጋ ከ7 ዲግሪ በማይበልጥ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። ሥጋው ጮማ የለውም፤ ብዙ ካበሰሉት ይደርቃል።

ለእኛ ድርሻ አንድ ታፋ ደረሰን። እህቴ ወጥ ቤቷ በር ላይ ቆማ፣ «ማን ባረከው?» አለች። ጥያቄው ለባሏ እንግዳ አልነበረም። ዋላ በኦሪት ከሚበሉት እንስሳት ተርታ ነው፤ ይሄኛው ግን በስመ አብ ተብሎ በካራ አልታረደም። እህቴ አልበላችም። ባሏም አልተቆጣም፤ በፍሪጁ የታችኛው መሳቢያ የራሱን ቦታ ሰጥታዋለች። ማታ እሱ ጥብሱን፣ እኛ ሽሮአችንን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በላን። በሁለት ባህል መካከል ለተመሠረተ ትዳር ከዚህ የበለጠ ምክር የለኝም።

ጠመንጃ የሌለው አደን

ልጄ ይህን ሁሉ ሰምታ ስትጨርስ፣ «ታዲያ ሳይገድሉ እንደዚያ መቅረብ ይቻላል?» አለችኝ። ይቻላል! በሀገራችን ያለ መንግሥት ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ የደጋ አጋዘንም በዓለም ደረጃ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው እንስሳት አንዱ ነው። እሱን በዓይን ለማደን ግን ጥሩ ጫማና መነጽር ይበቃል። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ ሲደርሱ ኒያላውን ያገኙታል። ከቤተሰብዎ ጋር ሲሄዱ እነዚህን ያስታውሱ፦

• ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ማታ በጣም ይበርዳል፤ ለልጆች ጋቢ ብቻ አይበቃም፣ ሹራብና ኮፍያ ይያዙ።
• ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከጥቅምት ወዲህ ቢሄዱ ይመረጣል።
• ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር ይግቡ። እንስሳቱ የት እንደዋሉ የሚያውቀው እሱ ነው።
• አንድ ባይኖኩላር ለአራት ሰው ይበቃል፤ ተራ መጠበቅ ራሱ የአደኑ ትምህርት ነው።
• ሽቶ አይቀቡ፣ ስልክዎን ድምፅ አልባ ያድርጉ፣ ልጆቹ ማስቲካውን እንዲተዉ ያድርጉ።
• እንስሳው ቀና ብሎ ካየዎት ባሉበት ቆመው ይቆዩ። ከሸሸ አይከተሉት።

እኛ በኅዳር ሄድን። ጠዋት ከጥዱ ሥር አንድ ወንድ ኒያላ ከሦስት እንስቶች ጋር ቆሞ አየን። አባቷ ካሜራውን አንስቶ ወደፊት ሊራመድ ሲል ልጄ ጃኬቱን ያዘችው። ጎንበስ ብላ ጭብጥ ሣር ነቀለችና ወደ ላይ በተነችው። ሣሩ ወደ ኒያላዎቹ ነፈሰ።

«በዚህ አይሆንም አባዬ» አለችው፤ «እንዙር።»