ራሳችንን በባልንጀራችን ልክ ስንለካ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዳዊት ጎልያድን ገድሎ ሠራዊቱ በተመለሰ ጊዜ የእስራኤል ሴቶች ንጉሡን ሳኦልን በከበሮና በዝማሬ ሊቀበሉት ወጡ። በዝማሬያቸውም ለሳኦል ሺህን፣ ለዳዊት ግን እልፍን ቆጠሩ (1ኛ ሳሙ. 18፥6-9)። በዚያች ቀን ሳኦል ያጣው ነገር አልነበረም፤ ዘውዱ በራሱ ላይ ነው፤ ጠላቱ ወድቋል፤ ሕዝቡም በደስታ ተቀብሎታል። ሺሁም ያው ሺህ ነበር፤ ከእልፍ አጠገብ ሲቆም ግን በዓይኑ አነሰበት። የድሉ ቀን የቁጣ ቀን የሆነበት አንዳች ስለ ጎደለው ሳይሆን ራሱን ስላነጻጸረ ነው።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ራስን ከሌላው ጋር ማነጻጸር ለራሳችን ያለንን ግምትና ስሜታችንን እንዴት እንደሚለውጥ በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

1. ሰው ለምን ራሱን ያነጻጽራል?

ማነጻጸር በራሱ ኃጢአት አይደለም። ጨርቅን በክንድ፣ እህልን በቁና እንሰፍራለን፤ ዕውቀታችንን፣ ትዕግሥታችንንና ኑሯችንን የምንሰፍርበት ቁና ግን የለንም። ስለዚህ ወደ ጎን እንመለከታለን። ሊዮን ፌስቲንገር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 ይህንኑ ጽፏል፤ ሰው የሚጨበጥ መለኪያ ሲያጣ ራሱን ከሌሎች፣ ይልቁንም ከሚመስሉት ሰዎች ጋር እያስተያየ ይገመግማል። ሳኦልንም የከነከነው የሩቅ አገር ንጉሥ ሳይሆን በፊቱ በገና የሚደረድርለት ብላቴና ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ የተሸለሙ ስፖርተኞችን ፊት ያጠኑ ተመራማሪዎችም የነሐስ ተሸላሚዎች ከብር ተሸላሚዎች ይልቅ ደስተኞች ሆነው እንደታዩ ገልጠዋል። ሁለተኛ የወጣው ያመለጠውን ወርቅ፣ ሦስተኛ የወጣው ደግሞ ባዶ እጅ መመለስን ያስባልና። እንግዲህ ደስታችንን የሚወስነው በእጃችን ያለው ብቻ አይደለም፤ በዓይናችን አጠገብ ያስቀመጥነውም ነው።

2. ሁለቱ ወጥመዶች

የመጀመሪያው ወደ ታች መመልከት ነው። ፈሪሳዊው ጾሙም ዐሥራቱም ሐሰት አልነበረም፤ ሐሰት የነበረው ሚዛኑ ነው (ሉቃ. 18፥9-14)። ከኋላው የቆመውን ቀራጭ መለኪያ ስላደረገ ጉድለቱ አልታየውም። «እኔ እንደ እገሌ አልሆንሁም» የሚል ሰው ለጊዜው ይጽናናል፤ ነገር ግን ንስሓ አይገባም።

ሁለተኛው ወደ ላይ ተመልክቶ መቅናትና ተስፋ መቁረጥ ነው። ዛሬ ይህ ፈተና በስልካችን ዘወትር ይጎበኘናል። በባዕድ አገር የሚኖር ወንድም መኪናው አጠገብ ቆሞ የተነሣውን ፎቶግራፍ ይልካል እንጂ የሌሊት ሥራውንና ብቸኝነቱን አይልክም። እኛም የራሳችንን ጓዳ ከሌላው እልፍኝ ጋር አነጻጽረን እናዝናለን፤ የተሰጠንንም እንንቃለን።

3. ምን እናድርግ?

ቅኔ ቤት ሳለን ከእኛ በኋላ የገባ ባልንጀራ፣ እኛ ገና ዘአምላኪየ ስንቆጥር፣ እርሱ መወድስ ደረሰ። ለብዙ ሳምንታት ቅኔው ሲመሰገን መስማት ይከብደን ነበር። አንድ ምሽት ግን ጠጋ ብለን አቆጣጠሩን ጠየቅነው፤ ሳይሰስት አሳየን። ባልንጀራችን ያው ነበር፤ የተለወጠው ጥያቄያችን ነው። «ለምን በለጠን?» ማለትን ትተን «እንዴት አደረግኸው?» አልን።

ቅዱስ ጳውሎስም እያንዳንዱ የገዛ ሥራውን እንዲመረምር ይመክራል (ገላ. 6፥4)። ቅዱስ ጴጥሮስ ስለ ቅዱስ ዮሐንስ ዕጣ በጠየቀ ጊዜ ጌታችን የመለሰው ወደ ራሱ ጥሪ ነው (ዮሐ. 21፥20-22)። ስለዚህ የዛሬውን ትዕግሥታችንን ከአምናው ትዕግሥታችን ጋር እናስተያየው፤ የተሰጠንንም ቆጥረን እናመስግን።

ታላቁ አባ መቃርስ በጸሎት ሳለ በከተማ የሚኖሩ ሁለት ያገቡ ሴቶች ከደረሱበት መዓርግ ገና እንዳልደረሰ የሚነግረው ድምፅ ሰማ። የበረሃው አባት አልተከፋም፤ በትሩን ይዞ ሊጠይቃቸው ሄደ። ሴቶቹም የሁለት ወንድማማቾች ሚስቶች ሆነው በአንድ ቤት 15 ዓመት ክፉ ቃል ሳይነጋገሩ መኖራቸውን ነገሩት። አባ መቃርስ እነርሱን አላሳነሰም፤ ራሱንም በተስፋ መቁረጥ አልጣለም፤ ተምሮ ተመለሰ እንጂ። ሳኦል የበለጠውን ሰው ሊወጋ ጦር አነሣ፤ አባ መቃርስ ከበለጡት ሊማር መንገድ ጀመረ። ለእኛም የሚበልጠንን ባየን ቁጥር እነዚህ ሁለት መንገዶች በፊታችን ናቸው። የሚሻለውን እንድንመርጥ አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።