ማንቆርቆሪያው የእናትን ደህንነት ሲናገር
በራሳቸው የሚሠሩ የቤት ዕቃዎች ገበያ ከአምፖልና ከመጋረጃ ወዲያ ምን ይሸጣል?

በሞባይል ተነክቶ የሚበራ አምፖል፣ «ተከፈት» ሲባል የሚከፈት መጋረጃ፣ ቀለሙን የሚቀያይር የሳሎን መብራት። «ስማርት ሆም» የሚባለውን ዕቃ የሚያሻሽጡ ሱቆች ከፊት የሚደረድሩት እነዚህን ነው። ገዢ ገብቶ ያያል፣ ይደነቃል፣ ዋጋ ይጠይቃል፤ ከዚያም «ተነስቼ ባበራው ምን እሆናለሁ?» ብሎ ይወጣል።

ገዢው እውነት አለው። የዚህን ንግድ ታሪክ ላገላበጠ ሰው፣ ቤትን በራሱ የሚያሠሩ መሣሪያዎች ጸንተው የተሸጡት የሰው እጅ ሊደርስበት የማይችለውን ሥራ ሲሠሩ ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ሲታሰቡ ለማንም የማይመጡ፣ አንዳንዶቹም የሚያስቁ ናቸው። ነጋዴውም ሆነ ቤት ሠርቶ የሚያከራየው ባለሀብት ትርፉን መፈለግ ያለበት እዚያ አካባቢ ይመስላል።

ሻይ የተጠጣበት ቤት

እ.ኤ.አ. በ1996 በቶኪዮ ከተማ አንዲት አረጋዊትና በሕመም ላይ የነበረ ልጃቸው በመኖሪያ ቤታቸው ሞተው ተገኙ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ሳምንታት እስኪያልፉ ድረስ ያወቀ አልነበረም። ነገሩ በአገሪቱ ትልቅ መነጋገሪያ ሆነ። ከዚህ ሐዘን ተነስቶ አንድ ገበያ የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1918 የተመሠረተው የኦሳካው የቤት ዕቃ አምራች ዞጂሩሺ ነው።

የድርጅቱ ስሌት ቀላል ነበር። የጃፓን አረጋውያን በቀን ደጋግመው ሻይ ይጠጣሉ፤ ለሻዩም የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ይጠቀማሉ። እንግዲያው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሬዲዮ መልእክት ማስተላለፊያ ቢገጠም፣ ውኃ በተቀዳ ቁጥር ለልጆች ወሬ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2001 አገልግሎቱ ተጀመረ። እናት ጠዋት ሻይ ከቀዳች፣ ሌላ ከተማ የሚኖር ልጇ በኢሜይል ያውቃል። ማንቆርቆሪያው ቀኑን ሙሉ ካልተነካ ደግሞ ልጅ ስልክ ያነሳል ወይም ጎረቤት ይልካል።

ነጋዴ ልብ ሊለው የሚገባው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ደንበኛው የሚከፍለው በየወሩ መሆኑ ነው። ወርኃዊ ክፍያው በአገልግሎቱ ታሪክ 3,000 የን ገደማ ሆኖ ይታወቃል። ዕቃ አንዴ ተሽጦ ያልቃል፤ የእናት ወሬ ግን በየዕለቱ ይፈለጋል። አገልግሎቱም ከ20 ዓመት በላይ የዘለቀው ለዚህ ነው። ሁለተኛው፣ ማንቆርቆሪያው ካሜራ አለመሆኑ ነው። ወላጅን በክብር ይዞ፣ ጓዳውን ሳይበረብር፣ «ደህና አድረዋል» የሚለውን ብቻ ይናገራል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ልጆቻቸው ዋሽንግተን፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ሆነው እነሱ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ብቻቸውን የቀሩ ወላጆች ያሉበት ቤት ጥቂት አይደለም። ከውጭ ገንዘብ የሚልከው ልጅ «እማዬ እንዴት አደረች?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ለመክፈል ወደኋላ አይልም። የእኛዋ እናት ግን ቡናዋን በጀበና በከሰል ልታፈላ ስለምትችል ማንቆርቆሪያው አይበጃትም። የቴሌቪዥኑን ወይም የምድጃውን የኤሌክትሪክ ፍጆታ የሚለካ ሶኬት ግን ያንኑ ሥራ ይሠራል። ወላጅ አስቀድሞ አውቆ ሊስማማበት እንደሚገባ መናገር አያሻም።

ሰንበትን የሚያውቅ ሰዓት

ሌላው ያልተጠበቀ ገበያ የመጣው ከሃይማኖት ነው። በአይሁድ ሕግ መሠረት በሰንበት እሳት አይነድድም። ሕጉን አጥብቀው የሚይዙ ሰዎች የኤሌክትሪክ ማብሪያ መጫንንም እንደዚያው ይቆጥሩታል። ሆኖም ቤተሰብ ዓርብ ማታ በጨለማ አይቀመጥም። መፍትሔው «የሰንበት ሰዓት» የሚባለው መሣሪያ ሆነ። ዓርብ ከፀሐይ መጥለቂያ በፊት ይሞላል፤ መብራቱ በተወሰነለት ሰዓት በራሱ ይጠፋል፣ በራሱ ይበራል። እስራኤል ውስጥ ይህ ሰዓት ተራ የቤት ዕቃ ነው። በቅዳሜ ቀን ማንም ቁልፍ ሳይጫነው በየፎቁ እየቆመ የሚሄድ ሊፍትም አለ።

የአሜሪካ ምድጃና ማቀዝቀዣ አምራቾችም ይህን ገበያ አላለፉትም። በሩ ሲከፈት መብራቱ የማይበራ፣ ምድጃውም ለረጅም ሰዓት ሳይጠፋ ምግብ የሚያሞቅበት «የሰንበት አሠራር» ያላቸውን ዕቃዎች እያመረቱ ይሸጣሉ። ዕቃው ሕጉን መጠበቁን መርምሮ የሚያረጋግጥ የሃይማኖት ተቋምም አለ።

ትምህርቱ ለየትኛውም ነጋዴ ይሆናል። የደንበኛውን የጾም፣ የጸሎትና የበዓል ሥርዓት የሚያውቅ ሻጭ ሌላው ያላየውን ገበያ ያያል።

ከቡና ማሰሮ እስከ ድመት በር

ቤትን በማሽን የማሠራት ምኞት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 የዌስቲንግሃውስ መሐንዲስ የነበሩት ጂም ሰዘርላንድ «ኤኮ 4» የተሰኘ ኮምፒዩተር ለቤታቸው ሠርተው ነበር። ማሽኑ የቤቱን ሙቀት ይቆጣጠራል፣ የአስቤዛ ዝርዝር ይይዛል፣ ቴሌቪዥኑን ያበራል፣ ያጠፋል። ክብደቱ ግን ወደ 360 ኪሎ ግራም ነበር። ለገበያ አልቀረበም፤ ቢቀርብስ ማን ተሸክሞ ያስገባዋል?

ከ25 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1991 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ተመራማሪዎች ደረጃ ወርደው ባዶ የቡና ማሰሮ ማግኘት ሲሰለቻቸው በማሰሮው ላይ ካሜራ ደቀኑበት። ቡና መኖር አለመኖሩን ከወንበራቸው ሳይነሱ ማየት ቻሉ። ምስሉ እ.ኤ.አ. በ1993 በኢንተርኔት ተለቀቀና ከመላው ዓለም ሰው ማሰሮውን ያይ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2001 ካሜራው ሲዘጋ የጀርመኑ ሽፒገል የዜና ድርጅት ማሰሮውን በጨረታ በ3,350 ፓውንድ ገዛው። ለአንድ አሮጌ የቡና ማሰሮ መጥፎ ዋጋ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ አንድ የአማዞን ሠራተኛ ድመቱ ሌሊት አይጥና ወፍ ይዛ ስትገባ ተማረረና ለድመቷ መግቢያ በር ካሜራና ቁልፍ ገጠመ። ኮምፒዩተሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶግራፎችን አይቶ አፏ ባዶ መሆኑን ይለያል። አፏ ውስጥ የሚንጠለጠል ነገር ካለ በሩ ለ15 ደቂቃ ይቆለፋል፤ ወፎችን ለሚጠብቅ ድርጅትም መጠነኛ ገንዘብ በራሱ ይልካል። እንደ ቅጣት መሆኑ ነው።

ግለሰቦች እንዲህ መጫወት የቻሉት ዕቃው ስለረከሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤስፕሬሲፍ የተባለው የሻንጋይ ኩባንያ ዋይፋይ ያለው ቺፕ ከ5 ዶላር በታች በሆነ ዋጋ ገበያ ላይ ሲያወጣ፣ ማንኛውም ሶኬትና ማብሪያ በርካሽ ኢንተርኔት ውስጥ መግባት ቻለ። ዛሬ ከቻይና የሚገቡት ርካሽ «ስማርት» ዕቃዎች አብዛኞቹ የዚህና የመሰሎቹ ቺፖች ልጆች ናቸው።

የእኛው ሮቶና ዲናሞ

አዲስ አበባ ውስጥ በራሱ የሚሠራ ቤት አለ ወይ ቢባል መልሱ «ጣሪያ ላይ ውጣና እይ» ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ቧንቧው የሚንሾካሾከው ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። የቤቱ ሰው 8 ሰዓት ላይ ተነስቶ ዲናሞ ያስነሳል፣ ሮቶው እስኪሞላ ይጠብቃል። እንቅልፍ ከወሰደው ሮቶው ሞልቶ ይፈስሳል፤ ውኃው መሐል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ ዲናሞው ደረቁን ሲሽከረከር ያድርና ይቃጠላል።

ይህን የሚያቃልለው ሁለት ተንሳፋፊ ማብሪያ ነው። አንዱ መሬት ላይ ባለው ታንከር ውስጥ ይገባል፤ ውኃ ሲያልቅ ዲናሞውን ያጠፋል። ሌላው ጣሪያ ላይ ባለው ሮቶ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ሲጎድል ያስነሳል፣ ሲሞላ ያቆማል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ቤት ሠርቶ የሚያከራይ ባለሀብት ለተከራዩ ሊሰጠው ከሚችለው «ስማርት» ነገር ሁሉ ይህ ይቀድማል።

ሁለተኛው የአጥር በር ነው። ሲም ካርድ የሚገባበት መቆጣጠሪያ የተፈቀደለት ስልክ ሲደውል ቁጥሩን አይቶ፣ ጥሪውን ሳያነሳ በሩን ይከፍታል። ጥሪው ስላልተነሳ ሒሳብ አይቆጥርም። ሚስ ኮል ማድረግ ለለመደ ሕዝብ ከዚህ የቀለለ ቴክኖሎጂ ከየት ይመጣል? ባለቤቱ ውጭ አገር ሆኖም ለተከራይ ቁጥር መመዝገብና መሰረዝ የሚችልባቸው ዓይነቶች አሉ።

ሦስተኛው የማቀዝቀዣው ጉዳይ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ማለቱ የስንቱን ፍሪጅ ሞተር አቃጥሏል። መብራቱ ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያገናኝ መከላከያ ዋጋው ከሞተሩ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። በተለይ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የውጭ ዕቃ መተኪያ ዋጋ ምን እንደሆነ የገዛ ያውቀዋል።

ኪሳራው የተደበቀበት ቦታ

ከዚህ ንግድ ጋር የሚመጣውን አደጋ ሳያነሱ ማለፍ ገዢንም ሻጭንም መበደል ነው።

የመጀመሪያው አደጋ የዕቃው ሕይወት በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ መንጠልጠሉ ነው። ሪቮልቭ የተባለው የቤት መቆጣጠሪያ በአሜሪካ 300 ዶላር ይሸጥ ነበር። ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2014 የጉግል ንብረት የነበረው ኔስት ገዛው፤ በግንቦት 2016 ሰርቨሩ ሲዘጋ መሣሪያው በየቤቱ ባዶ ሣጥን ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ደግሞ የኢንስቲዮን ሰርቨር ያለ ማስጠንቀቂያ ተዘጋ። ከሁለት ወር በኋላ የራሱ ደንበኞች ኩባንያውን ገዝተው ሥራ አስጀመሩት። እንዲህ ያለ ዕድል ግን ለሁሉም አይገጥምም። ፋብሪካው በሌለበት አገር ደግሞ ደንበኛ የሚያውቀው የሸጠለትን ሱቅ ብቻ ነው፤ ዕቃው ሲሞት የሚመጣው ወደዚያው ነው።

ሁለተኛው የይለፍ ቃል ነው። ጥቅምት 21 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ትልልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት ተቋርጠው ነበር። ጥቃቱን ያደረሰው ሚራይ የተባለ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ሠራዊቱ በየቤቱ የተተከሉ የደህንነት ካሜራዎችና መቅረጫዎች ነበሩ። ሶፍትዌሩ የሞከረው ፋብሪካዎች የሚሰጧቸውን ከ60 በላይ የስምና የይለፍ ቃል ጥምረቶች ብቻ ነው። ባለቤቶቹ አልቀየሩትም ነበር። ካሜራ የሚገጥም ባለሙያ የይለፍ ቃሉን ሳያስቀይር ከወጣ ሥራውን አልጨረሰም።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ ቤት ያቃጥላል። 10 አምፔር የተጻፈበት ስማርት ሶኬት በ220 ቮልት የሚሸከመው 2,200 ዋት ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። ምጣዱን በዚያ ሶኬት ላይ የሰካ ሰው ከእንጀራው በፊት ግድግዳውን ይጋግራል። ዲናሞም እንዲሁ ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት ያለው ዲናሞ ሲሽከረከር የሚስበው ጥቂት ቢሆንም፣ ሲነሳ ግን ከዚያ 5 እስከ 7 እጥፍ ለአፍታ ይስባል። ትንሿ ማብሪያ በዚያ ኃይል ትጣበቅና ዲናሞው አልጠፋ ይላል። ለእነዚህ ከባድ ዕቃዎች ስማርት ማብሪያው ኮንታክተርን ብቻ እንዲያዝ፣ ኮንታክተሩ ደግሞ ጭነቱን እንዲሸከም መደረግ አለበት። ሽቦና ብሬከሩም በልኩ መሆን ይገባዋል።

ነጋዴው ምን ይያዝ?

አስመጪ ዕቃ ከማዘዙ በፊት ናሙናውን ኢንተርኔት አጥፍቶ ይሞክረው። ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ ማብሪያ መብራትም መስመርም በሚቆራረጥበት ቤት ውስጥ ጸብ ያመጣል። ቀጥሎ አምፔሩን ይይ፤ ባለ 16 አምፔሩ ከባለ 10ሩ ጥቂት ቢወደድም የሚመለስ ዕቃ ይቀንሳል። ሬዲዮ ወይም ሲም ካርድ ያላቸውን ዕቃዎች በተመለከተ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚጠየቀውን ማረጋገጫ ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ከማዘዙ በፊት ያጣራ።

አፓርትመንት የሚገዛ ሰውም «ስማርት» የሚል ማስታወቂያ ሲያይ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፦ ውኃ ሲቋረጥ ዲናሞውን ማን ያጠፋዋል? ኢንተርኔት ሲጠፋ በሩ በምን ይከፈታል? ገጣሚው ድርጅት ቢዘጋ መለዋወጫው ከየት ይገኛል? ሻጩ ለሦስቱም መልስ ካለው ለቃሉ የተጨመረው ዋጋ ተገቢ ነው። ለአንዱም መልስ ከሌለው ግን ደላላው እየሸጠ ያለው ቀለሙን የሚቀያይር አምፖል ነውና ዋጋውም እንደ አምፖል ይሁን።