የተሳቢ እግር፦ ከቀበና ቁልቁለት እስከ ጅቡቲ መንገድ

(ድምፅ፦ ከባድ መኪና ቁልቁል ሲወርድ፤ የአየር ፍሬን ሲለቀቅ፤ ሞተሩ እየራቀ ይሄዳል)

ተራኪ፦ ከእንጦጦ ተራራ ወገብ ተነስቶ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ ቀበና የሚወርደው መንገድ ለተሽከርካሪ እግር ከአቀበቱ ይልቅ በቁልቁለቱ ይከብዳል፤ ሽቅብ ሲወጣ የሚደክመው ሞተሩ ሲሆን፣ ቁልቁል ሲወርድ ግን ሸክሙ በአብዛኛው ወደ ፍሬኑና ከፍሬኑ አጠገብ ወደ ተቀመጠው ኩሽኔታ ይዛወራል። ኩሽኔታ የሚባለው በማይዞረው የአክስል ጫፍና በሚዞረው ጎማ መካከል ገብቶ፣ የጭነቱን ክብደት እንደተሸከመ ብረት ብረትን ሳይፈጭ ጎማው እንዲሽከረከር የሚያደርግ ቀለበት ነው፤ በውስጡም እየተንከባለሉ ክብደቱን የሚቀባበሉ ትንንሽ የብረት ኳሶች ወይም ሮለሮች ተደርድረውበታል። ይህ ዝግጅት የሚመለከተው የተሳቢን ኩሽኔታ ነው።

ተሳቢ የራሱ ሞተር የሌለውና በሌላ መኪና የሚጎተት የጭነት አካል በመሆኑ፣ ሲታመም የሚያዳምጠው ሰው በላዩ ላይ የለም። የጎታቹ የፊት እግር ኩሽኔታ መጮህ ሲጀምር ሾፌሩ በመሪው ንዝረትና በወለሉ ጉምጉምታ ያውቀዋል፤ ከኋላ የሚከተለው የተሳቢ እግር ግን ቢጮህም፣ ቢግልም፣ ቢጨስም ወሬው ጋቢና የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። የፊት ክብደቱን በጎታቹ ጀርባ ላይ አሳርፎ የኋላውን በራሱ እግሮች የሚሸከመው ከፊል ተሳቢ ሦስት አክስል ካለው ስድስት ሞዞ ይኖረዋል፤ ሞዞ ማለት ቸርኬው በብሎን የሚታሰርበት የጎማው መካከለኛ አካል ነው። በእያንዳንዱ ሞዞ ውስጥ አንድ ትልቅ የውስጥና አንድ አነስ ያለ የውጭ ኩሽኔታ ስለሚገባ በጠቅላላው 12 ኩሽኔታ አብረው ይሠራሉ፤ ከ12ቱ የአንዱ መበላሸት ብቻ ሙሉውን ጭነት ሜዳ ላይ ያስቀራል፤ ሲከፋም ጎማው ከነሞዞው ወልቆ በመንገዱ ላይ ያለን ሰው ሊገድል ይችላል።

የጎማ ኩሽኔታ የመጣው ከሠረገላ ሥራ ነው። የዌልስ ብረት ሠሪ የነበረው ፊሊፕ ቮን እ.ኤ.አ. በ1794 ለሠረገላ አክስል የሚሆን ባለ ኳስ ኩሽኔታ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ይሁን እንጂ ሠረገላ ጥምዝ ላይ ሲታጠፍ ጭነቱ ወደ ጎን ስለሚገፋ፣ ከላይ የሚመጣውን ክብደትና ከጎን የሚመጣውን ግፊት በአንድነት የሚችል አሠራር ያስፈልግ ነበር፤ ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደው ሠረገላ ሠሪ ሄንሪ ቲምከን ይህን ያገኘው ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1898 ነው። የእርሱ ሮለሮች በአንድ ጫፋቸው ወፈር፣ በሌላው ቀጠን ያሉ ሲሆኑ፣ በተመሳሳይ መንገድ ሾጠጥ ባለ ውስጠኛ ቀለበትና እርሱን በሚያቅፍ ውጫዊ ቀለበት መካከል ይንከባለላሉ። ዛሬ በጅቡቲ መንገድ በሚመላለሱት ተሳቢዎች ሞዞ ውስጥ በብዛት የሚገኘውም ይኸው የሾጠጠ ሮለር ኩሽኔታ ነው።

(ድምፅ፦ የግራሶ ቆርቆሮ ክዳን ሲከፈት)

ተራኪ፦ ኩሽኔታን በሕይወት የሚያኖረው ግራሶ ነው። ግራሶ ወፍራም ዘይት ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ በእርግጥ ግን አብዛኛው ክፍሉ ተራ ዘይት ሲሆን፣ ቀሪው ያንን ዘይት እንደ ስፖንጅ ይዞ የሚያቆይ የሳሙና ዓይነት ነው። ሮለሩ ሲሽከረከር ሳሙናው ዘይቱን ጥቂት በጥቂት ይለቅቃል፤ ዘይቱም በሮለሩና በቀለበቱ መካከል ከሰው ፀጉር እጅግ የቀጠነ ሽፋን ይሠራል፤ ብረቱን ከብረት የሚለየውም ይህ ሽፋን ብቻ ነው። ሳሙናው ከምን እንደተሠራ ማወቅ የሚጠቅመው ሙቀት የመቻል አቅሙ ስለሚለያይ ነው። የተለመደው የካልሲየም ግራሶ ውሃን በደንብ ቢቋቋምም በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቀልጦ መንጠባጠብ ይጀምራል፤ የሊቲየሙ 180 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ሊቲየም ኮምፕሌክስ የሚባለው ደግሞ ከ250 ዲግሪ በላይ ይቋቋማል። እነዚህ ግን ግራሶው መልኩን የሚያጣባቸው መጠኖች ናቸው እንጂ ዕለት ተዕለት ሊሠራባቸው የሚገቡ አይደሉም፤ የሥራው ሙቀት ሁልጊዜ ከዚያ በብዙ ዝቅ ብሎ መቆየት አለበት። ባሕርያቸው የማይስማማ ሁለት ግራሶዎች ሲደባለቁ ድብልቁ ከሁለቱም የባሰ ሊቀጥን ስለሚችል፣ በአሮጌው ላይ አዲስ መጨመር ብዙዎች እንደሚያስቡት ቁጠባ አይደለም።

ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ በቀበና ቁልቁለት ላይ ማስላት ይቻላል። 3 ቶን የሚመዝን ተሽከርካሪ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ሲወርድ ወደ 14.7 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ይለቅቃል፤ ይህም ከ40 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ማርሹን ዝቅ አድርጎ የሚወርድ ሾፌር የዚህን ከፊሉን በሞተሩ ያስይዛል፤ ፍሬን ረግጦ ብቻ የሚወርደው ግን ሁሉንም ወደ ሙቀት ቀይሮ ለፍሬን ሸራና ለታምቡሩ ያስረክባል። ታምቡሩ በሞዞው ላይ የታሰረ በመሆኑ ሙቀቱ ወደ ኩሽኔታው ለመግባት የሚያግደው ነገር የለም፤ ግራሶው ይቀጥናል፣ በሞዞው የኋላ አፍ ላይ የሚገጠመውን ኦይል ሲል የሚባል የጎማ ማኅተም አልፎ ይወጣና ሸራውን ያረክሳል፤ የረከሰ ሸራ ስለማይዝ ሾፌሩ ይበልጥ ይረግጣል፣ ሙቀቱም እንደገና ይጨምራል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ስህተት ብዙም አይነገርለትም፤ በክረምት ግን በየወንዙ ዳር ይታያል። ጭቃ የጠጣ ተሽከርካሪ ቁልቁለቱን ጨርሶ፣ እግሩ እንደጋለ፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ላቫጆ ይገባና ቀዝቃዛ ውሃ ይለቀቅበታል። በሞዞው ውስጥ ሰፍቶ የነበረው ትኩስ አየር በቅጽበት ይኮማተራል፤ የተፈጠረውን ባዶ ቦታ ለመሙላትም ሞዞው በኦይል ሲሉ ጠርዝ በኩል ከውጭ ያለውን ይስባል፤ ከውጭ ያለው ደግሞ ውሃ ነው። ሲገባ ድምፅ የለውም፣ በዚያ ቀንም ጉዳት አያሳይም። ከሳምንታት በኋላ ኩሽኔታው ሲፈታ በቀለበቱ ላይ ልክ በሮለሮቹ ርቀት የተሰመሩ ጥቋቁር የዝገት መስመሮች ይገኛሉ፤ ተሽከርካሪው በቆመበት ሌሊት ውሃው በየሮለሩ ሥር ተኝቶ ብረቱን የበላበት ምልክት ናቸው። ግማሽ ሰዓት ታግሶ እግሩን ማቀዝቀዝ ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር።

ከከተማው ሲወጣ ደግሞ መንገዱ ራሱ ይለወጣል። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ጭነት ከአዲስ አበባ ደጋ ተነስቶ በአዋሽና በሚሌ አድርጎ በጋላፊ በኩል ወጥቶ ጅቡቲ እስኪደርስ ድረስ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በዚህም ጉዞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ ባሕር ጠለል ይወርዳል። በአፋር ቆላ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ሞዞው ጉዞውን የሚጀምረው አስቀድሞ ሞቆ ነው፤ የጭነት መብዛት ሲታከልበት፣ ነፋሱ የሚያመጣው አሸዋም በተሰነጠቀ ኦይል ሲል ሲገባ፣ ግራሶው የሚያለሰልስ መሆኑ ቀርቶ የሚሞርድ ይሆናል። ከአፍዴራ ጨው የሚጭኑት ተሳቢዎች በተለይ ብርቱ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ ጨው እርጥበት ስቦ ብረትን ከተራ ውሃ በፈጠነ ሁኔታ ያዝገዋልና።

በአሜሪካና በአውሮፓ ለሽርሽር የሚጎተቱት የመኖሪያ ተሳቢዎች፣ ካራቫን የሚባሉት፣ ሌላ ሕመም አለባቸው። ወራት ሙሉ ያለ ሥራ ስለሚቆሙ እርጥበት በኩሽኔታቸው ላይ ይሰበሰባል፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ርቀት ባይሄዱ እንኳ በአብዛኛው በዓመት አንድ ጊዜ ወይም በየ20,000 ኪሎ ሜትሩ ተፈትተው ግራሷቸው እንዲታደስ ይመከራል። ጎማ ወይም መለዋወጫ እየጠበቀ ግቢ ውስጥ የከረመ የኢትዮጵያ ተሳቢም ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ ቆሞ የነበረ ስለሆነ አልተነካም ብሎ በቀጥታ ለረጅም መንገድ ማሰማራት አደገኛ ግምት ነው።

(ድምፅ፦ ክሪክ ሲነሳ፤ ብሎን ሲፈታ፤ ብረት በብረት ላይ ሲቀመጥ)

ተራኪ፦ ሥራው በታኮ ይጀምራል፤ በቀበና ዓይነት ተዳፋት ላይ በክሪክ ብቻ የተነሳ ተሳቢ ሊንሸራተት ስለሚችል፣ የማይነሱት ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በታኮ ይያዛሉ፤ የተነሳው አክስልም በጽኑ ማቆሚያ ላይ ያርፋል። ከዚያ ጎማው ይወልቃል፣ የሞዞው ክዳን ይከፈታል፣ ዳዶውን ከመፍታት የሚያግደው መቆለፊያ ይነሳል፣ ዳዶው ይፈታል፤ ሞዞው ወደ ፊት ሲሳብ የውጩ ኩሽኔታ መጀመሪያ ስለሚወጣ መሬት እንዳይወድቅ በመዳፍ ይያዛል። የአንዱ እግር ኩሽኔታ ከሌላው ጋር ሊቀላቀል አይገባም፤ ሮለሩና በሞዞው ውስጥ የቀረው ውጫዊ ቀለበት አብረው ስለተለማመዱ፣ ቢለያዩ ሁለቱም ቶሎ ያልቃሉ።

አሮጌው ግራሶ በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ ኩሽኔታውም በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። እዚህ ላይ በአንዳንድ ጋራዥ የሚታየው ልማድ፣ ማለትም በኮምፕረሰር አየር ኩሽኔታውን እያፏጨ ማሽከርከር፣ ፈጽሞ መቅረት አለበት፤ ያለ ግራሶ በከፍተኛ ፍጥነት የሚዞር ሮለር ብረቱን ከመጫሩም በላይ ሮለሮቹን በየቦታቸው ከሚይዘው ማቀፊያ አምልጦ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ከታጠበ በኋላ ኩሽኔታው ታሪኩን በራሱ ፊት ላይ ያሳያል። ሰማያዊ ወይም ቡናማ ቀለም ከመጠን በላይ መጋሉን፣ ግራጫና ደብዛዛ ገጽ አሸዋ መግባቱን፣ እንደ ቅርፊት የተላጠ ቦታ ደግሞ ብረቱ ራሱ ደክሞ ዕድሜውን መጨረሱን ይናገራል። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሮለሩም ውጫዊው ቀለበትም አንድ ላይ ይቀየራሉ፤ አንዱን አዲስ፣ ሌላውን አሮጌ አድርጎ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። አዲሱ ሲገዛ፣ በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ የመለዋወጫ ገበያ፣ የታወቁ አምራቾችን ስም የያዙ አስመሳይ ኩሽኔታዎች በዓለም ዙሪያ እንደሚሸጡ ማስታወስ፣ በቀለበቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከአሮጌው ጋር ማስተያየትና ሻጩን ደረሰኝ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ግራሶ ማስገባቱ በእጅ የሚሠራ የጥበብ ሥራ ነው። መካኒኩ እፍኝ የማይሞላ ግራሶ በግራ መዳፉ ላይ ያኖርና፣ የኩሽኔታውን ሰፊ ጎን ወደ ታች አድርጎ ጠርዙን በመዳፉ ላይ ደጋግሞ ይጫናል፤ ግራሶው በማቀፊያውና በሮለሮቹ መካከል ሽቅብ ተገፍቶ በጠባቡ ጎን በኩል ብቅ እስኪል ድረስ አያቆምም፤ ከዚያ ኩሽኔታውን ጥቂት አዙሮ ቀጣዩን ክፍል ይጀምራል። ከላይ የተለቀለቀ ግራሶ ለዓይን የሞላ ይመስላል፣ ሮለሮቹ ውስጥ ግን ባዶ ናቸው፤ ብዙ ተሳቢ የሚቃጠለውም በዚህ የይምሰል ሥራ ነው። በተቃራኒው የሞዞውን ባዶ ቦታ አጭቆ መሙላትም ይጎዳል፤ ግራሶው በራሱ መታሸት ይሞቃልና፣ ከሲሦ እስከ ግማሽ ያህሉ መሞላቱ ይበቃል። ኦይል ሲሉ ያልተበጠሰ ቢመስልም እንኳ ሁልጊዜ በአዲስ ይተካል። በዘይት የሚሠሩ ወይም በፋብሪካ ታሽገው የሚመጡ ሞዞዎች ያሏቸው ዘመናዊ ተሳቢዎች የራሳቸው መመሪያ ስላላቸው በዚህ አሠራር አይነኩም።

በመጨረሻ የዳዶው ጥብቀት ይመጣል፤ ከሁሉም በላይ ልምድ የሚጠይቀውም እርሱ ነው። ሞዞው በእጅ እየዞረ ዳዶው ይጠብቃል፣ ይህም ሮለሮቹን በቦታቸው ያስቀምጣቸዋል፤ ቀጥሎ ይላላል፤ እንደገና በአምራቹ መመሪያ መሠረት በጥቂቱ ይጠብቅና በአዲስ መቆለፊያ ይታሰራል። በትክክል የተስተካከለ ሞዞ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ሲሳብ ሊኖረው የሚገባው እንቅስቃሴ ከ0.025 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህን ለማረጋገጥም ዲያል የሚባለው መለኪያ ይቀመጥበታል። ጠብቆ የቀረ ኩሽኔታ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ይግላል፤ ላልቶ የቀረው ደግሞ ጎማውን እያወዛወዘ ኦይል ሲሉን ይበላል።

ከጋራዥ በወጣ ተሳቢ ላይ የመጀመሪያው ፈተና የሚደረገው በመጀመሪያው ማረፊያ ነው። ረዳቱ ወርዶ የእጁን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ሞዞ ያስጠጋል፤ ሁሉም እኩል ሞቀው ከሆነ ጉዞው ይቀጥላል፣ ከጓደኞቹ ተለይቶ የጋለ ካለ ግን ወይ ፍሬኑ ይዟል ወይም ኩሽኔታው ተበላሽቷልና ሳይታይ መነሳት የለበትም። ተሳቢ ኪሎ ሜትር የሚቆጥር መሣሪያ ብዙ ጊዜ የለውም፤ ዛሬ በአንድ ጎታች፣ ነገ በሌላ ስለሚሳብም የጎታቹ ቆጣሪ የእርሱን ዕድሜ አይነግርም። በዚህ ምክንያት ጠንቃቃ ባለንብረቶች ግራሶው የታደሰበትን ቀን፣ የግራሶውን ዓይነትና የተቀየሩትን ኩሽኔታዎች ከተሳቢው ጋር በሚጓዝ መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ፤ ቀኑንም ቀጣዩ ሾፌርና ቀጣዩ መካኒክ ሊያዩት በሚችሉበት የሻሲው ጎን ላይ በቀለም ይጽፉታል።