ላቦራቶሪ የሚናገረውና የማይናገረው



አንዲት የቡኢ እናት ለምርመራ ሄዳ «ቫይረስ ተገኝቶብሻል» ተብላ ብትመለስ፣ በቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ከማን መጣ?» የሚል ነው። ጥያቄው ትዳር ያናጋል። ስለዚህ ምርመራው ምን እንደሚያሳይ አስቀድሞ መረዳት ይበጃል።

ቫይረሱ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤች.ፒ.ቪ. ይባላል። ከ200 በላይ ዓይነቶች አሉት። የማህፀን በር ካንሰር የሚያስከትሉት ግን ወደ 14 የሚጠጉ ናቸው። ከ100 የማህፀን በር ካንሰሮች 70 ያህሉ የሚመጡት ቁጥር 16 እና ቁጥር 18 በተባሉት ሁለት ዓይነቶች ነው።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል? ከማህፀን በር ላይ በትንሽ ብሩሽ ናሙና ይወሰድና ላቦራቶሪው በውስጡ የቫይረሱን ዘረመል ይፈልጋል። ሃይብሪድ ካፕቸር የተባለው ዘዴ አደገኛ ዓይነት መኖሩን ያሳያል፤ የትኛው ቁጥር እንደሆነ ግን አይለይም። ፒ.ሲ.አር. ደግሞ ጥቂቱን ዘረመል ደጋግሞ በማባዛት ቁጥሩን ለመለየት ያስችላል። የዘረመሉን ቅደም ተከተል የሚያነብ ሦስተኛ ዘዴም አለ። ቁጥር 16 ራሱ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ በተባሉ የዘር ሐረጎች እንደሚከፈል የታወቀው በዚህ ዘዴ ነው።

ምርመራው ለጉራጌ አካባቢ እንግዳ አይደለም። በወልቂጤ አቅራቢያ በሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል 537 ሴቶች የተመረመሩበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ከ100 ሴቶች በ17ቱ ያህል ላይ አደገኛ ዓይነት ተገኝቷል።

ይሁን እንጂ የትኛውም ዘዴ ቫይረሱ መቼና ከማን እንደተላለፈ ሊናገር አይችልም። ኤች.ፒ.ቪ. ያለ ምንም ምልክት ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ከጋብቻ በፊት የያዘም ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ውጤቱ ለመማገጥ ማስረጃ አይሆንም። ካንሰር ይዟል ማለትም አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ያስወግደዋል። ሳይወገድ የቀረው ወደ ካንሰር እስኪለወጥ ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከተደረሰበት በቀላሉ ይታከማል።

እንግዲህ፣
1. ዕድሜዎ ከ30 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ይመርመሩ። ኤች.አይ.ቪ. በደምዎ ካለ ቀደም ብለው ይጀምሩ።
2. ውጤቱን ባልና ሚስት አብራችሁ ስሙ።
3. በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረውን የልጃገረዶች ክትባት ሴት ልጃችሁ እንድታገኝ አድርጉ።

ባል ሆይ! ባለቤትህ ለምርመራ ስትሄድ አብረሃት ሂድ፤ ጥያቄ ካለህም ባለሙያውን ጠይቅ።