የውኃ ተርብ፦ ዓይነቱና አገሩ

ወደ አንድ የገጠር ገበያ ብትወጡ፣ እህሉ በእህል ተራ፣ ጨው በጨው ተራ፣ ከብቱም በከብት ተራ ተለይቶ ታያላችሁ። ገዢው የሚሻውን ሳይደክም የሚያገኘው ሻጮች በየተራቸው በመቀመጣቸው ነው። ሊቃውንትም ፍጥረትን የሚያጠኑት እንዲሁ በየዓይነቱ መድበው ነው። ለምሳሌ የውኃ ተርብን እንመልከት።

የውኃ ተርብ በአራት ብርሃን አሳላፊ ክንፎቹ ከወንዝና ከኩሬ በላይ የሚያንዣብብ ነፍሳት ነው። ስሙ ተርብ ቢሆንም መንደፊያ የለውም። ስለዚህ ዓይነቱን የምንለየው በስሙ ሳይሆን በአካሉና በአኗኗሩ ነው።

የውኃ ተርቦች ኦዶናታ በሚባል ክፍለ መደብ ውስጥ ይመደባሉ። በዓለም ላይ ከ6,000፣ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ደግሞ ከ700 የሚበልጡ ዝርያዎች አሏቸው። የአፍሪካዎቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሰውነታቸው ደንደን ያለ ሲሆን ሲያርፉ ክንፋቸውን እንደ ዘረጉ ይቆያሉ። ሁለተኛዎቹ እንደ ሰንበሌጥ ቀጫጭኖች ናቸው፤ ዓይኖቻቸው ግራና ቀኝ የተራራቁ ሲሆኑ፣ ሲያርፉ አብዛኞቹ ክንፋቸውን ወደ ኋላ ያጥፋሉ።

ሁለቱም ወገኖች በእጭነታቸው ዘመን በውኃ ውስጥ የትንኝ እጭና ሌሎች ጥቃቅን እንስሳትን እየበሉ ያድጋሉ። ስለዚህ የት እንደሚኖሩ በአብዛኛው የሚወስነው ውኃው ነው። ፓንታላ ፍላቬስሰንስ የተባለው ዝርያ በዝናም ኩሬ በጥቂት ሳምንታት አድጎ ከነፋስ ጋር ረጅም መንገድ ይጓዛል፤ በመሆኑም በአፍሪካ፣ በእስያና በአሜሪካ ይገኛል። በአንጻሩ ኢሽኑራ አቢሲኒካና አቶኮኔውራ ኤቲዮፒካ የሚባሉት ዝርያዎች ከኢትዮጵያ ደጋማ አገር በስተቀር በሌላ ስፍራ አይኖሩም። ደጋችን በሞቃት ቆላ የተከበበ በመሆኑ፣ የደጋ ውኃ የለመደ ነፍሳት ቆላውን ተሻግሮ ወደ ሌሎች ተራሮች መድረስ ይቸግረዋል።

እንግዲህ ከጮቄ ተራራ ወደ ዓባይ የሚወርዱትን ወንዞች አስቡ። የወንዝ ዳር ዛፍ ተቆርጦ መሬቱ እስከ አፋፉ ሲታረስ፣ ጥላው ይጠፋል፤ አፈሩም ወደ ውኃው ይገባል። መንገደኛው ፓንታላ ሌላ ኩሬ ፈልጎ ይሄዳል። የደጋው ዝርያ ግን መሄጃ የለውም፤ ከአገራችን ከጠፋ ከዓለም ጠፋ ማለት ነው።

መልመጃ

1. ጸሐፊው ምንባቡን በገበያ የጀመረው ለምንድን ነው?
2. «በአንጻሩ» የሚለው ቃል የትኞቹን ሐሳቦች ያነጻጽራል?
3. በአካባቢያችሁ የሚገኙ ወፎችን ወይም ዛፎችን በሁለት ወገን ከፍላችሁ፣ የከፈላችሁበትን ምክንያት በአንድ አንቀጽ ግለጹ።